የመጨረሻው ወረቀት ቦታ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ባልዲውን ነው። ክዳን አልነበረውም። ዘጠኝ ሴቶች በተኙበት ክፍል ባዶ ቦታ የነበረው እሱ አጠገብ ብቻ ነበር፤ አዲስ የገባች እዚያ ትተኛለች። ሽንኩርት ይነግዱ የነበሩ አንዲት እናት ፍራሻቸውን ጠጋ አድርገው "በምን መጣሽ?" አሉኝ።

"በወረቀት፣ እትዬ።"

"እኔስ በልጄ ነው። እሱን ሲያጡት እኔን ይዘው መጡ። ወረቀት ደግሞ ምን አደረጋቸው?"

ከመታሰሬ በፊት አዲስ አበባ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ሰነዶች ክፍል እሠራ ነበር። አንድ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከድሮ አቤቱታዎች እንዲማሩ ፈለገ። እሱ ጥያቄዎቹን አዘጋጀ፣ እኔ ወረቀቶቹን መረጥኩ። ደንባችን ቀላል ነበር፤ እጅ ይታጠባል፣ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል፣ ቅደም ተከተል አይነካም። ያነበበ ሁሉ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፤ የፊርማው ወረቀት ከአቃፊው መጨረሻ ይቀመጣል። በዚያው ወር ግቢው ውስጥ አዲስ አቤቱታ ተበተነ። የጻፉት የድሮዎቹን ያነበቡት ናቸው ተባለ። መምህሩ መታሰሩን ስሰማ የፊርማውን ወረቀት አውጥቼ ሌላ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። መቅደድ አልሆነልኝም።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ጥብስ እየበላ ነበር። ሳህኑ ከቤተ መጻሕፍት ካመጡት አቃፊያችን ጎን ተቀምጧል። ጣቱን ይልሳል፣ ገጽ ይገልጣል፣ እንደገና ይልሳል።

"መምህርሽ ስም የምትይዘው እሷ ናት ብሏል" አለኝ።

ይበል አይበል ዛሬም አላውቅም። አብረን ያዘጋጀነው ትምህርት በዚያ አፍ ሲነሳ መስማቱ ግን ከባልዲው ይልቅ ከረፋኝ።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ በተናቸው። "ምን ምን እንደሆኑ አሳዪኝ።"

እጄ ሳላዘው በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል ይደረድራቸው ጀመር። ልማድ ነው። ከታሰርኩ ወዲህ የማውቀውን ሥራ ስሠራ የመጀመሪያዬ ስለነበር የት እንዳለሁ ረሳሁ። የመጨረሻውን አቤቱታ አስቀምጬ ቀጣዩን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ። አየር ላይ ቆመ።

"ምን ጎደለ?"

"ምንም።"

"እጅሽ ግን ቆመ።"

የፊርማው ወረቀት ላይ ሃያ ሁለት ልጆች ነበሩ። የአንዳንዶቹ የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ትዝ አለኝ። እሱ በጣም የቆየውን አቤቱታ አነሳ፤ አውራ ጣቱ ያረፈበት በቅባት ራሰ። ተማሪ ሳለሁ እንኳ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ።

"እባክዎ፣ እጅዎን ይታጠቡ።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ጓደኛውን ጠራ። "ና ስማት፣ እጅህን ታጠብ አለችኝ።" ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ አሥሩንም ጣቶቹን አንድ በአንድ በአቤቱታው ጠረገ፤ አይኑን ከእኔ ሳያነሳ። "እስክታስታውሺ እዚህ ነሽ" አለ።

ስመለስ እጄ ጮማ ጮማ ይሸታል። እትዬ የመጠጥ ውሃቸውን ይዘው ተነሱ።

"ዘርጊ።"

"የሚጠጡትን?"

"ዘርጊ አልኩሽ። ነገ ያንቺን እጠጣለሁ።"

ባልዲው ላይ አጎንብሼ ታጠብኩ፤ በደንብ፣ እስከ ክንዴ። አራት ወር ቆየሁ። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ አልተናገርኩም። ወረቀቱም አልተገኘም።

ዛሬ ከምኖርበት ሰፈር፣ ከፎረስት ሎን አውቶቡስ ይዤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ በተሰደድኩበት ካልጋሪ ከተማም የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የአርካይቩ ኃላፊና አንዲት ፕሮፌሰር በድሮ ሰነዶች የሚሰጥ ትምህርት አብረው ሲያዘጋጁ የፊርማውን ሺት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ሚቲንግ አንድ ነገር ብቻ ተናገርኩ፤ ትምህርቱ እንዳለቀ ሺቱ ይጥፋ። ለምን አሉኝ። ሺቱ ሰነድ እንዳይጠፋ ነው፤ ወረቀቶቹ ሙሉ ከሆኑ ሥራው አልቋል አልኩ። ፕሮፌሰሯ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ባለፈው ሳምንት ወላጆቿ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት ተማሪ ሺቱን ወረቀት መቆራረጫ ማሽኑ ውስጥ ስከት አየችኝ።

"ሳይን ያደረግነውን ለምን ሽሬድ ታደርጊዋለሽ?"

"ሥራው ስላለቀ።"

"ላይክ፣ ኮፒም የለሽም?"

"የለኝም።"

ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች። እጄን ታጥቤ የአቃፊውን ወረቀቶች በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል መደርደር ጀመርኩ። መጨረሻው ላይ፣ የፊርማው ወረቀት ቦታ ስደርስ እጄ አሁንም ይቆማል። ከዚያ አቃፊውን እዘጋዋለሁ።