በሁለት በኩል የሚታጠቀው ሽርጥ

ትናንት ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ደጃፍ ስደርስ ካውያ ያሳረረው ጨርቅ ሸተተኝ። ወዲያው ደሜ ፈላ።

እናቴ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። የአባቴ ዘመዶች በዚህ ይንቋታል፤ ቡዳ ናት እያሉም ያሟታል። እሷ ግን አንድ ፋሲካ ለአባቴ እህቶች ስጦታ ሽርጥ ሰፋችላቸው። ባንዱ ፊት አበባማ፣ በሌላው ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ በፈለጉት በኩል ይታጠቁታል። ሁለቱን ጨርቅ ገጥማ በመኪና ትሰፋና ትገለብጠዋለች፤ እኔ ወደ ውስጥ የቀረውን ጫፍ ጫፉን በመርፌ ጎትቼ አወጣለሁ።

አክስቶቼ የሚኖሩበት ከተማ፣ ትክል ድንጋይ ድረስ ወስደን ሰጠናቸው። ታላቋ አክስቴ እናቴን አቅፋ ሳመቻት፤ መረቀቻት። ውሃ ልጠጣ ጓዳ ስገባ ግን ሽርጡን በእንጨት አንሥታ እሳት ውስጥ ስትከተው አየኋት።

«ምነው እትየ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ዝም በይ! የእሷ እጅ የነካው ቤቴ አያድርም» አለችኝ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። እጄን ይዛ አወጣችኝ። መንገድ ላይ ሳለቅስ፣ «በቃሽ ልጄ። እኔ የሰጠሁት ወድጄ ነው፤ የሷን ሥራ ለሷ ተይላት» አለችኝ። ለገና ደግሞ ሌላ ሰፋችላት። ያን ጊዜ በእናቴም ተናደድኩ።

እናቴ ዛሬ የለችም። አክስቴ ግን አለች፤ ከልጇ ጋር እዚሁ ጎንደር ትኖራለች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እናትሽ እኮ ሸጋ ሴት ነበረች» አለችኝ።

ጣቶቿን አንድ በአንድ ከክንዴ ላይ አላቀቅኩና ጥያት ሄድኩ።