ወንድሜ ገና ወረፋ ላይ ነው

ለመላው የክሬጊበርንና አካባቢዋ ነዋሪዎች በታላቅ አክብሮት የምናሳውቀው... ዛሬ ጠዋት አንዲት ማግፓይ ጓሯችን ድረስ መጥታ፣ ቅቤ የተቀባ ቶስት በልታ፣ ምስጋና ሳታቀርብ በሰላም ሄዳለች። ዜናው እዚህ ላይ አበቃ።

ማግፓይ የዚህ የምንኖርበት ፈረንጅ አገር ጥቁርና ነጭ ወፍ ናት። ሣር ላይ ስትንጎራደድ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው የምትመስለው። ለምን እንደማወራላችሁ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ዓይኔን የሞራ ኦፕሬሽን ተደርጌ ልጄ ሂሩት ቤት ተኝቼ ነበር። ጠብታዬን የምታደርግልኝ ነርስ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሶስና ናት። ያን ሰሞን ህንዳዊው ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ ሰው ሞቶ ተመልሶ እንደሚወለድ፣ እንደ ሥራውም ሰው ወይ እንስሳ እንደሚሆን፣ ሁለታችንም ባለችን ትንሽ እንግሊዝኛ አስረዳኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አላመንኩም። ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ አግኝቼ ልተወው?

ሶስና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓሮ ተቀምጠን ጀመርኩላት።

«ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቢሮ ይሄዳል። ቁጥር ይወስዳል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ፎርም ይሞላል።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ ምን መሆን ትፈልጋለህ ይሉታል። አንበሳ ይላል። ሎካል ኤክስፒሪያንስ፣ የአገሩ የሥራ ልምድ፣ አለህ ይሉታል። ከየት ያመጣል? ዶሮ አድርገው ይልኩታል።»

«ኖ ዌይ! አባባ፣ እየዋሸህ ነው!»

«አባትሽን አላየሽም? አገሩ መሐንዲስ ነበር። አውሮፕላን ተሳፈረ፣ ሲወርድ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ደርዳሪ ሆኖ ተወለደ። እሱ ደግሞ መሞትም አላስፈለገውም።»

ሳቀች። ይሄን ጊዜ ነው ማግፓይዋ መጥታ ሣሩ ላይ መንጎራደድ የጀመረችው። ሶስና አየቻት... አየቻትና፣

«አባባ፣ ይሄ አባባ ወርቁ ነው? ወይስ ገና ወረፋ ላይ ነው?»

ወርቁ ታናሽ ወንድሜ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ ዳይሬክተር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚሄደው።

«ወርቁማ አልሞተም» አልኳት።

አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማሚ ሲክሬት ነው ብላለች... ካለቀስክ ዓይንህ ይበላሻል ብላ። አባባ ፕሊስ፣ እኔ ነኝ የነገርኩህ እንዳትላት!»

ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ወርቁ ምነው ጠፋ?» ስል «ስልኩ ተበላሽቶ ነው አባዬ፣ ሰላም ብሎሃል» ስባል ከርሜያለሁ። ሰላም ብሎሃል! እኔ ደግሞ ዝምታው ሲያናድደኝ ድምፄን ቀድቼ ልኬለታለሁ። «አንተ ሰነፍ፣ አሁንም ካልመለስክልኝ ተዝካርህን አውጥቼ እበላልሃለሁ!» ብዬ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ማን ከፍቶ እንደሰማው እስካሁን አላውቅም። ሚስቱ እንዳትሆን ብቻ።

በማግስቱ ሁሉም ሥራ ሲሄድ ጓሮ ካለችው ዕቃ ቤት ገባሁ። ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ የማለቅሰውን አልቅሼ ጨረስኩ።

ለሶስና ብዬ ምንም እንዳላወቀ ሰው ሆንኩ። ተንኮሌ ግን የት ይሄዳል? በየራቱ፣

«ሂሩትዬ፣ ወርቁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው አባዬ።»

«አልታመመም?»

«ኧረ ደህና ነው። ብላ እንጂ!»

አንድ ቀን ሳያት ሶስና ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች። እንጀራዋን አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ተውኩ።

ሐኪሙ ዓይንህ ድኗል ባለኝ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መንገዳችን መኪና በመኪና ሆነ። የዕድራችን ሰዎች ናቸው። እኔ ሱፌን ለብሼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለሌላ ነገር አይመጣም።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት... ወንድምዎ ወርቁ አርፏል።»

ሴቶቹ እዬዬ አሉ። እኔ አንዲት ጠብታ እንኳ አልመጣ አለኝ።

«አባዬ አልቅስ እንጂ፣ ይውጣልህ!» አለች ሂሩት እየተንሰቀሰቀች። «ሐኪሙ እኮ ፈቅዷል!»

በሐኪም ፈቃድ የሚፈስ እንባ... ይሄንንም ሳላይ አልሞትኩም።

ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያየኛል። ከኋላ አንዱ «አይዋደዱም ነበር እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሶስና ተከትላኝ ገባች፣ በእጇ የዓይኔን ጠብታ ይዛ።

«ዝቅ በል አባባ።»

በየዓይኔ አራት አራት ጠብታ አደረገችልኝ። ጉንጬን አርጥቤ ስወጣ ቤቱ በለቅሶ ቀለጠ። ሁሉም እፎይ አለ።

ያን ዕለት ወርቁ ከሞተ አርባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አርባው ያለ እኔ ወጥቷል ማለት ነው። የህንዳዊው ነገር እውነት ከሆነና በሞተበት ዕለት ከተወለደ ደግሞ፣ ወርቁ በዚያው በአርባኛው ቀን የሆነ ቤት ክርስትና ተነስቷል። ተዝካሩም አመለጠኝ፣ ክርስትናውም አመለጠኝ።

«ለአንተ ብለን እኮ ነው» ትለኛለች ሂሩት። ይሁን። እኔ ስሞት ግን ለሶስና ብላችሁ አትደብቋት፣ በዕለቱ ንገሯት። ሂሩትዬ፣ ይሄን ካነበብሽ ደግሞ ልጅቷን እንዳትቆጫት። መሞቱን በወግ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

ከዚህ ሁሉ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ... የመጀመሪያው ዜና። ማግፓይዋ ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣችም። ቶስቱን ለወርቁ በየጠዋቱ አወጣለታለሁ፣ የምበላው ግን እኔው ነኝ።