ያልሠራሁት ሁለት ዓመት

ባለፈው ሳምንት አምቦ ወዳለችው ትንሿ የእንስሳት ክሊኒኬ ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ወጣት ማስረጃዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ውጤቱ ያስቀናል። ከዲግሪው ሥር ክብ ማኅተም ያረፈበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለ፤ ሁለት ዓመት ይላል። የተመረቀው ግን ዘንድሮ ሐምሌ ነው። ቀና ብዬ ሳየው እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ያን እጅ አውቀዋለሁ።

እኔም በእንስሳት ሕክምና የተመረቅሁ ሰሞን በውጤቴ መሬት አልበቃ ብሎኝ ነበር። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ግን ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ካልቀጠሩን ልምዱ ከየት ይመጣል? ዕድሜ ለአጎቴ! እንጭኒ ላይ የከብት መድኃኒት መደብር ነበረው፤ ሁለት ዓመት አብሬው እንደሠራሁ ጽፎ ማኅተሙን መታበት።

"ያላደረገው ማን አለ?" አለኝ።

ጌዶ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ቀጠረኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን ወደ ጌዶ ስጓዝ አውቶቡሱ ገና ጉደርን ሳያልፍ ይከብደኝ ጀመር። መንገድ ላይ የገዛሁትን የበቆሎ እሸት እንኳ ሳልቀምሰው አጠገቤ ለተቀመጠ ልጅ ሰጠሁት።

መስከረም ነበር። በሁለተኛው ቀን ጧት አለቃዬ ዶክተር ታደሰ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። "ካቺሲ ከተማ ሥራ አለኝ፤ ነገ እመለሳለሁ። ልምድ ያለው ሰው ቀጥሬ ምን ያሳስበኛል?"

ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ገበሬ በሬያቸውን እየጎተቱ ደረሱ። ማገጥ የሚሉትን ለምለም ሣር ከነጤዛው ግጦ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ምላሱ ወጥቷል።

"ያለኝ አንድ ጥማድ ነው" አሉኝ። "ይሄ ከሞተ የቀረውን ከማን ጋር እጠምደዋለሁ?"

ለዶክተሩ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ግራ ጎኑን በትሮካር፣ በዚያ ጫፉ በሾለ የብረት ቱቦ መውጋት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ፈተና ላይ ሥዕሉን ስዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሥዕሉ ግን አያቃስትም ነበር። ብወጋው እገድለው ይሆን? ብተወው እንደሚሞት ደግሞ እያየሁ ነው። በሬው በፊት እግሮቹ ተንበረከከ።

"ኦቦ ገመዳ፣ እኔ ይህን አድርጌ አላውቅም" አልኩ። "የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁት ዓይን የለም። ከዚያ የበሬውን ቀንድ ግጥም አድርገው ያዙ።

"እንግዲያው መጽሐፉ ያለውን አድርጊ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። እኔ እይዝልሻለሁ። ጀባዹ፣ በርቺ!"

ወጋሁ። የታመቀው አየር እያፏጨ ወጣ፤ ሽታው ፊቴን መታኝ። ሆዱ ቀስ በቀስ ሟሸሸ። በሬው ሲነሳ እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። "ቢሞትስ ኖሮ?" ብሎ ጮኸብኝ። አላባረረኝም፤ ግን ስድስት ወር ሙሉ ከጎኑ አላራቀኝም።

ውጤት ይበልጣል ወይስ ልምድ እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። ውጤቴ የት እንደምወጋ ነግሮኛል፤ ልምድ ቢኖረኝ ደግሞ ባላመነታሁ ነበር። ያን ቀን ያተረፈኝ ግን ቀንዱን የያዘልኝ ሰው ነው።

ደብዳቤውን አጥፌ ለወጣቱ መለስኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይሄን አልፈልገውም፤ ዲግሪህ ይበቃል" አልኩት። "ሰኞ ጧት ና። እስክትለምድ እኔም ከክሊኒኩ አልወጣም።"