ቀጥ ያለው ደመራዬ

ካዛንቺስ በኖርኩበት ዘመን እንደ እኔ ደመራ የሚያስር አልነበረም። ለጉራ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ማንም አላስተማረኝም። ኡራኤል አካባቢ ፎቅ ሲሠራ የእንጨት መወጣጫውን እንዴት እንደሚያስሩት ቆሜ አይቼ፣ ገና በጎረምሳነቴ የሰፈሩን ደመራ ተረከብኩ።

ታዲያ ባለፈው መስከረም፣ ሰፈራችን ፈርሶ ቡልጋሪያ ሰፈር ልጄ ቤት ከገባሁ በኋላ፣ ችቦዬን ይዤ ወደ አዲሱ ደብሬ ደመራ ሄድኩ። ገመድ የያዘ ወጣት አየኝና፣ "አባባ፣ አዲስ ነዎት እንዴ? ማለቴ፣ አይቼዎት አላውቅም" አለኝ። አዲስ! እኔ!

በላቸው ትዝ አለኝ።

በላቸው ከወሎ የመጣ እኩያዬ ነበር። እሱና አብረውት የመጡት ጥቂት ቤተሰቦች ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተከራይተው ይኖራሉ። ቅዳሴ ላይ በሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ ሲያበቃ ማንም ሳያናግራቸው ይወጣሉ። በመጡበት ዓመት የደመራ ዕለት ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ነበር፤ ከየበሩ የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። በልማዳችን እያንዳንዱ ቤት ለደመራው እንጨት ያዋጣል። በላቸው ጠማማ የወይራ ቅርንጫፍ ተሸክሞ መጣ።

"ይሄማ ደመራዬን ያበላሽብኛል፤ ለማገዶ አድርገው" አልኩት።

"እሺ ወንድምዓለም" ብሎ ተመለሰ።

ወዲያው እነበላቸው ከመንገዱ ማዶ የራሳቸውን ደመራ ተከሉ። አጭር፣ ጎባጣ። ሳቅሁ። ኋላ ግን መዝፈን ጀመሩ። የበላቸው ድምፅ! እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እስከ ዛሬም ያናድደኛል። በየዓመቱ ለእኔ ደመራ ዳቦ የሚያመጡት እትዬ ዘውዴ ዳቦአቸውን እንደያዙ ተሻገሩ።

"እትዬ፣ ወዴት ነው?"

"ሞቅ ወዳለበት ነዋ! ያንተው ገና ሳይለኮስ በርዶታል።"

ሌላውም ተከተላቸው። ቄሱ ሲደርሱ እኔና አንድ ውሻ ብቻ ቆመናል።

"ልጄ፣ በአንድ ሰፈር ሁለት ደመራ አልባርክም" አሉኝ። ማዶ ተመለከቱ። "ሕዝቡ እዚያ ነው።"

ደመራዬ ሳይነድ ሊያድር ነው! በላቸው ሊለኩስ፣ እኔ ቆሜ ልመለከት! ቅናት አንጀቴን በላው። ገመዱን ፈታሁና ረጅሙን ግንድ ተሸክሜ መንገዱን ተሻገርኩ።

"ዞር በሉ፣ እኔ ነኝ የማስረው!"

"እሰር፣ እኔ እይዝልሃለሁ" አለ በላቸው፤ ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ።

የእኔን ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ መሐል አቁሜ፣ የእነሱን ጠማማ ወይራ ዙሪያውን አሰርኩ። ሲነድ ወይራው ሸተተ፤ እልልታው ቀለጠ። በማግሥቱ ግን ሰፈሩ ሁሉ "የበላቸው ደመራ እንዴት ያምር ነበር!" ይላል። ማን እንዳሰረው የጠየቀ የለም።

ስለዚህ እኔው ልናገር። ሁለቱን ደመራ አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ እነበላቸውን ከበሩ አጠገብ አንስቼ ወደ መሐል ያስገባሁ፣ በማኅበራችን ጽዋ ያስጠጣሁ፣ የበላቸውን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሣሁ እኔ ነኝ። ባለፈው መስከረም ደግሞ፣ የዚያ ወጣት ቋጠሮ ልል መሆኑን እያየሁ፣ ገመዱን ሳልነካ ችቦዬን በእሱ ደመራ ላይ ሰክቼ "ያማረ ነው ልጄ" አልኩት። ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።