ቪዮላዬን ይዤ ጎንደር የተመለስኩ ዕለት

አዲስ አበባ ኦርኬስትራ ውስጥ ስቀጠር ቫዮሊን እጫወታለሁ ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መሪያችን ክንዴን አየና፣ «ቫዮሊን ሞልቶናል። አንቺ ክንድሽ ረጅም ነው፤ ቪዮላ ያዢ» አለኝ። እምቢ አላልኩም፤ ክፍት ቦታ የነበረው እዚያ ብቻ ነው።

ቪዮላ ከቫዮሊን ገዘፍ ይላል፤ ድምፁም ወፈር ያለ ነው። ዜማውን አብዛኛውን ጊዜ ቫዮሊኖቹ ይወስዱታል፤ የሥሩን ወፍራም ድምፅ ትልልቆቹ ቼሎና ባስ ይይዛሉ። እኛ መሐል ነን። አድማጭ ለይቶ አይሰማንም፤ ስንጎድል ግን አንድ ነገር እንደሳሳ ይታወቀዋል።

ሥራውን ያስተማሩኝ የቪዮላ ተጫዋቾቹ አለቃ ጋሽ ተፈራ ናቸው። አንድ የኖታ ማቆሚያ ተጋርተን ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ክሩን የምንመታበትን ደጋን አጥብቄ ስጨብጥ ጣቴን በእርሳስ መታ አድርገው፣ «አታንቂው፤ የትም አይሄድብሽም» ይሉኝ ነበር።

አባቴ ጎንደር ውስጥ ባንድ ደብር መሪጌታ ናቸው። ሙዚቃ ልማር ስሄድ፣ «ምነው ልጄ፣ የካህን ልጅ ሆነሽ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን የምታነሣው እናቴ ብቻ ነበረች።

ኋላ ኦርኬስትራችን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለ አዳራሽ እንዲጫወት ተጋበዘ። ከምንጫወታቸው ሙዚቃዎች በአንዱ ቪዮላ ለብቻው የሚጫወትበት ቦታ አለ፤ የጋሽ ተፈራ ነው። መሪው ለብቻዬ ጠራኝ።

«እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከተማውም ያንቺ ነው። አንቺ ተጫወቺው።»

ፈለግሁት። እናቴ «አባትሽን ይዤ እመጣለሁ» ብላኛለች። ግን ጋሽ ተፈራ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ የመጨረሻ ጉዟቸው ነበር።

«ቦታው የእሳቸው ነው» አልኩት።

«ቢበላሽስ?»

«ጎናቸው ነኝ።»

የዝግጅቱ ዕለት ከፊት ረድፍ የአባቴን ነጭ ጥምጥም አየሁ። ጋሽ ተፈራ በደንብ ጀመሩ። መሐል ሲደርሱ ደጋናቸው ክሩ ላይ ይዘል ጀመር፤ ድምፁ ተቆራረጠ። ዓይናቸውን ከኖታው ሳያነሡ፣ «ግቢ» አሉኝ በሹክሹክታ። እሳቸው የሚጫወቱትን ክፍል አጠገባቸው ስቀመጥ አጥንቼው ነበር። ያንኑ ዜማ ዝቅ አድርጌ ያዝኩላቸው። ድምፁ ጸና፤ አብረን ጨረስን።

ሰው ሲበተን አባቴ መድረኩ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና አልኩ።

«ሽማግሌው ሲደክማቸው የደገፍሽ አንቺ ነሽ?»

«አወቁት እንዴ፣ አባባ?»

«ምነው አላውቀው? በማኅሌትም መሪው ድምፁ ሲዝልበት ጎኑ የቆመው ያነሣለታል።» ወደ ጋሽ ተፈራ ዞር ብለው አዩ። «ሸጋ ነው። ራትሽ ቤት ነው። እሳቸውንም ይዘሻቸው ነይ።»

ጋሽ ተፈራ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ፤ ወንበራቸው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። አሁን እኔም ለቅቄዋለሁ። ቪዮላ ለምትይዙ የምለው አጭር ነው። የራሳችሁን ክፍል አጥኑ፤ ከዚያ የጎናችሁን ሰው ክፍል አጥኑ። አንድ ቀን ያስፈልጋል።