ከእንጨት ክምሩ ጀርባ

የአባት ሲጋራ ማጨስ የሚጻፍ ነገር ነው ወይ? እኔ እንጃ። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መምህራችን ስለ ቤታችን እንድንጽፍ ሲያዙን ሌላ የተሻለ ነገር ፈልጌ ነበር። ሐሳቤ ግን ሁልጊዜ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ይመለሳል፤ ፊቴም ይግላል።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ነው። አባቴ ማጨስ የለመዱት የጭነት መኪና ሹፌር ሳሉ ነበር። በኋላ እንጨት ነጋዴ ሲሆኑም ሲጋራውን አልተዉም፤ ደበቁት እንጂ። በሰፈራችን ትንባሆ እንደ ኃጢአት ይቆጠራል፤ እሳቸው ደግሞ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። እራት ከመቅረቡ በፊት ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ይሄዳሉ። ሲመለሱ እናቴ ሽታውን እንዲሸፍን ጤና አዳም ትሰጣቸዋለች፤ ያኝካሉ። እኛ ልጆቹም ምንም እንዳልሸተተን እንሆናለን።

አንድ እሑድ አንድ ጤና መኮንን ወደ እድሩ ስብሰባ መጥቶ ትንባሆ ሳንባንና ልብን እንደሚጎዳ አስተማረ። ቄሶቹ ሲሉት የኖሩትን ሐኪም ስለደገመው አባላቱ ደስ አላቸው። ወዲያው ሕግ ወጣ፤ ሲያጨስ የተገኘ ከእድር ይሰረዝ። የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬኑን የሚሸከምለት የለም። ሕጉን ቆመው ያነበቡት አባቴ ነበሩ፤ ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ክረምቱ እንደወጣ አባቴ ዳገቱ ላይ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። የእድሩ ሰዎች በቃሬዛ ወደ ክሊኒኩ አወረዷቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ አብረን ገባን። የተቀበለን ያው ጤና መኮንን ነበር።

"ልብዎ ደክሟል። ትንባሆ ያጨሳሉ?"

"እኔ?" አሉ አባቴ፣ ሽማግሌዎቹን እያዩ።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቀ። "አንተ ደግሞ! እሳቸው አጫሽ የሚያባርሩልን ናቸው!"

ጤና መኮንኑ "ደህና" ብሎ ወደ መድኃኒቱ ዞረ።

"ያጨሳሉ" አልኩ። "በየቀኑ ያጨሳሉ።"

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ያይ ጀመር። ጤና መኮንኑ ካላቆሙ እንደማይድኑ ነገራቸው፤ አባቴ ግን የሚሰሙት አይመስሉም ነበር። ቤት ስንደርስ፣

"አንቺ ልጅ፣ ቀብሬን ወሰድሽብኝ" አሉኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ራሳቸው ተነሥተው "በሕጉ መሠረት ሰርዙኝ" አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ያ ክሊኒክ ውስጥ የሳቀው ሽማግሌ ከካፖርቱ ኪስ ሲጋራ አወጣ።

"እሳቸው ከተሰረዙ እኔንም ሰርዙኝ።"

"አንተም?" አለ አንዱ።

"እኔም! ሁላችንን ሰርዛችሁ ቃሬዛውን ማን ሊሸከም ነው?"

አባላቱ ሳቁ። ሕጉም ተሻሻለ፤ የሚያጨስ ከድንኳኑ ውጭ ያጭስ፣ የታመመ ግን ለሐኪም አይዋሽ ተባለ። አባቴ አልሳቁም። ዳኝነቱንም ለሌላ ሰው ለቀቁ።

ባልናገር ይሞቱ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ነገር ግን ጤና መኮንኑን ወደ ውጭ ጠርቼ ብቻውን ልነግረው እችል ነበር። "ጎበዝ ልጅ" እንዲለኝ ፈልጌ እንደሆነስ?

አባቴ ሲጋራውን ወዲያው አልተዉም። ከክምሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እያየናቸው ያጨሱ ጀመር፤ ጤና አዳሙም ቀረ። እኔን ግን አያናግሩኝም ነበር። አንድ ጠዋት ያልጨረሱትን ሲጋራ አጥፍተው ፓኮውን ዘረጉልኝ።

"ጣይው" አሉኝ።

እንደገና ያናገሩኝ ያን ቀን ነው፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 1958 ዓ.ም. ነበር።