በመመልከቻዋ ውስጥ ሁሉም ነበሩ

ፎቶ ቤት የተቀጠርኩት በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ቤቱ መካኒሳ፣ አስፋልቱ ዳር ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ካሜራ ሳልነካ የካሜራ ቦርሳ ስጠርግ ዋልኩ። ሊመሽ ሲል አለቃዬ ጋሽ በቀለ አንዲት የሶቪየት ስሪት ካሜራ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይቺ በሌንሷ አታሳይሽም» አሉኝ። «አንቺ የምታይው በመስኮቷ ነው፣ ፊልሙ የሚያየው በሌንሷ ነው። ሁለቱ አይነጋገሩም። ማስታወስ ያንቺ ፋንታ ነው።»

ዛሬ በስልክ ለምታነሱ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እናንተ የምታዩት ያው የምታነሱት ነው። እኛ ሁለት ሌንስ ነበረን፤ መደበኛው ለጉርድ ፎቶ፣ ሰፊው ለሰርግና ለቤተሰብ። የካሜራዋ መስኮት የምታሳየው መደበኛው ሌንስ የሚያነሳውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፊው ሲገጠም አናቷ ላይ አውራ ጣት የምታህል ሌላ መመልከቻ ትሰካለች። ፍላሽ የሚሰካውም እዚያው ቦታ ላይ ነው። ዳስ ውስጥ መመልከቻዋ ትነቀልና ፍላሹ ይገባል፣ ስፋቱ በግምት ይሆናል። ጋሽ በቀለ ክንዳቸውን ዘርግተው «ከዚህ እስከዚያ» ይሉና ያነሳሉ፤ የሚቆረጥባቸው ሰው የለም። እኔን ግን በግምት እንዳላነሳ አስማሉኝ።

በሁለተኛው ወር የሌንሱን ክዳን ሳልከፍት አንድ የዕድር ዳኛ ስድስት ጊዜ አነሳሁ። በመስኮቷ ሰውየው ጥርት ብለው ይታዩኝ ነበር። «ደህና ወጣሁ?» አሉኝ። «በጣም» አልኳቸው። ጋሽ በቀለ ይህን ለደንበኛ ሁሉ እያወሩ አንድ ዓመት ሳቁብኝ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን የተላክሁበት የመጀመሪያ ሥራ ላፍቶ ነበር። ላፍቶ ያኔ ማሳ ነው፤ ታክሲ እዚያ ድረስ አይገባም። እማማ ብርቄ የሚባሉ ገበሬ የመጨረሻ ልጃቸውን ይድራሉ። ባላቸው ሞተዋል። እሳቸውም ታመው ስለነበር ከወንበር የሚነሱት ተደግፈው ነው። ከሰርጉ ፎቶ ሁሉ የፈለጉት አንዱን ብቻ ነበር።

«ዘጠኙንም ልጆቼን ባንድ ላይ አንሺልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «እንዲህ ተሰብስበውልኝ አያውቁም። ከእንግዲህም እንጃ።»

አስቀድሜ ሙሽራዋን ለብቻዋ አነሳኋት። ሰፊው ሌንስ ተጠግተው ሲያነሱበት አፍንጫ ያገዝፋል፤ ስለዚህ ነቅዬ መደበኛውን ገጠምኩ። አናቷ ላይ የተሰካችውን ትንሽ መመልከቻ ግን እዚያው ተውኳት።

ቀጥሎ ቤተሰቡ ግድግዳው ሥር ቆመ። እማማ ብርቄ መሃል ተቀመጡ። መጨረሻ የመጣችው ጫልቱ ናት። ጫልቱ ሳታገባ እናቷ ዘንድ ቀርታ የምታስታምማቸው ልጅ ነች። ወንበሩን ያመጣችው፣ ወንድሞቿን በቁመት ያሰለፈችው፣ የእህቶቿን ነጠላ ያስተካከለችው እሷ ስለሆነች ለራሷ የቀረላት የቀኙ ዳር ነበር። በትንሿ መመልከቻ አየሁ። በግራ የቤቱ በር፣ በቀኝ ጫልቱ፤ ሁሉም ገብተዋል። ሦስት ጊዜ አነሳሁ።

ጥቁርና ነጩን ፊልም እዚያው ጨለማ ክፍላችን ውስጥ ነበር የምናጥበው። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲጠቁር ስምንት ልጆች ወጡ። በግራ በሩ የለም። በቀኝ ጫልቱ የለችም፣ ሦስቱም ላይ። ካሜራዋን ከቦርሳው ሳወጣት መደበኛው ሌንስ እንደተገጠመ ነው። ሰፊውን መልሼ አልገጠምኩም።

«ፊልሙ ብርሃን ገባበት በያቸው» አሉ ጋሽ በቀለ። «ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚለው ነው።»

«እርስዎስ ብለው ያውቃሉ?»

«ሁለት ጊዜ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ላፍቶ እስክደርስ ያችኑ ውሸት ስለማመድ ሄድኩ። እማማ ብርቄ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ዘጠኙም ወጡልኝ?» ሲሉኝ ውሸቱን ተውኩት። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ጥፋቱም የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ስምንት ላይ ጣታቸው ቆመ።

ጫልቱ ከኋላቸው ቆማ አየችው። «እኔማ እዚሁ አይደለሁ እንዴ፣ ፎቶ ምን ያደርግልኛል» ብላ ሳቀች። እናቷ አልሳቁም። እኔ አፈርኩ።

ሌሎቹ ልጆች ወደየቤታቸው ተበትነዋል፤ ሙሽራዋም ሰበታ ገብታለች። የቀረኝ መላ አንድ ነበር። ጫልቱን ያው ቦታ ላይ በዚያው ርቀት አንስቶ ከፎቶው ዳር ጋር ቆርጦ መቀጠል። ርቀቱን እንድለካ የእናትየውን ወንበር የነበረበት ቦታ አስቀመጥኩ።

«ባዶ ወንበር ምን ያደርጋል፣ እኔው ልቀመጥ» አሉ እማማ ብርቄ። ተቀመጡና ጫልቱን «ነይ፣ ጠጋ በይ» አሏት።

«እማማ፣ ካልራቀች ከዚያኛው ጋር አይገጥምም» አልኳቸው።

«አይግጠማ!» አሉኝና የልጃቸውን እጅ ያዙ።

አነሳሁ።

እማማ ብርቄ ያንኑ ዓመት አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ሁለቱ ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ከአርባው በኋላ ልጆቻቸው በየተራ ፎቶ ቤት እየመጡ ቅጂ አዘዙ። የሚያዙት የስምንቱን አልነበረም፣ ሁለተኛውን ነው። የመጨረሻው የመጣው የበኩር ልጃቸው ደጀኔ ነው፤ ጎልማሳ ሰው፣ ጢሙ ሸብቷል። ቅጂውን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«እኔ ከእናቴ ጋር ብቻዬን የተነሳሁት አንድም የለኝ» አለኝ። «ምነው እኔን በቆረጥሽኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሌንስ ሲቀየር መመልከቻዋም ትቀየራለች። ከተረሳም በፊልሙ አይሳበብም፤ ሄዶ መንገር ነው።